ከረባቱ ይቅርብን፣ የድሮውን ዋጋ መልሱልን

ሰሞኑን በአማርኛ የተጻፈ አንድ ረጅም ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የነበረውን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያወድሳሉ። መከራከሪያቸው ባጭሩ ይህ ነው። ያኔ ተማሪው ጨዋ ነበር፤ ከረባት አስሮ ይማራል፣ በሰዓቱ ወደ ማደሪያው ይገባል። መግቢያው ችሎታ ብቻ ነበር። ኩረጃና የተጋነነ ውጤት አይታወቅም ነበር። ፖለቲካ ግቢ ውስጥ ዝር አይልም ነበር። ከእኛ አገር የሄዱትም አርፈው ተምረው ተመለሱ። ከዚያ የ60ዎቹ ረባሾች መጡና ሁሉም ተበላሸ። መጨረሻ ላይ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ «ክፍያውም ርካሽ ነበር» ብለው ይዘጋሉ።

ብዕራቸው ያምራል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ከስድስቱ ነጥቦች አምስቱ ሲገፏቸው ይወድቃሉ። የማይወድቀው ስድስተኛው ደግሞ እሳቸው እንደ ዋዛ ያለፉት ነው። በተራ እንያቸው። ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ከጨዋነቱ እንጀምር። ከረባቱ እውነት ነው። ሃርቫርድንና ዬልን በመሰሉ ግቢዎች ያለ ኮትና ከረባት መመገቢያ አዳራሽ መግባት አይቻልም ነበር። የሰዓት እላፊውም እውነት ነው፤ ጸሐፊው ያልነገሩን በአብዛኞቹ ኮሌጆች ሰዓት እላፊው የሴቶች ብቻ መሆኑን ነው። ወንዱ ባሻው ሰዓት ይወጣል፣ ይገባል። ሴቷ ግን ከማደሪያዋ ስትወጣ የት እንደምትሄድ፣ ከማን ጋር እንደሆነችና መቼ እንደምትመለስ መዝገብ ላይ ትፈርማለች። ያረፈደችባቸው ደቂቃዎች ይደመሩና ቅዳሜና እሑድን እዚያው ተዘግታ እንድታሳልፍ ይፈረድባታል። እንግዳ በሚፈቀድበት ሰዓት በሩ ገርበብ ብሎ ይቀመጣል። የተማሪዎቹ እግር ወለል ካልነካ ጥፋት ነው የሚል ደንብ የነበራቸው ግቢዎችም ነበሩ። ለዚህ ሁሉ ሕጋዊ መሠረቱ ዩኒቨርሲቲው በወላጅ ቦታ ቆሟል የሚለው አስተሳሰብ ነበር።

ይህ ወላጅ ምን ያህል ወላጅ እንደነበረ በሁለት ነገር መመዘን ይቻላል። ከ1940ዎቹ እስከ 60ዎቹ ድረስ ስመ ጥር የሆኑ በርካታ ኮሌጆች አዲስ የገቡ ተማሪዎችን፣ ሴቶቹንም ጨምሮ፣ ልብሳቸውን አስወልቀው «የሰውነት አቋም ምርመራ» በሚል ፎቶ ያነሱ ነበር። ፎቶዎቹን የሰው ጠባይ ከሰውነት ቅርጽ ይታወቃል ብሎ የሚያምን ተመራማሪ ሰበሰባቸው። የትኛው ወላጅ ነው ለልጁ ይህን የሚፈቅድ? ሁለተኛው እንኳ ያስቃል። በ1968 የባርናርድ ኮሌጅ አንዲት ተማሪ ከግቢ ውጭ ከወንድ ጓደኛዋ ጋር እንደምትኖር ታወቀና ጋዜጣው ሁሉ ተቀባበለው። ጉዳዩ በኮሌጁ ሸንጎ ታየ። ቅጣቱ የግቢውን መክሰስ ቤት እንዳትጠቀም መከልከል ሆነ። የአሜሪካ ሥነ ምግባር በሳንድዊች ተጠበቀ ማለት ነው።

ወንዶቹስ? በመጋቢት 1952 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወንድ ተማሪዎች የሴቶቹን ማደሪያ ሰብረው ገብተው የውስጥ ልብስ ዘርፈው ወጡ። በዚያው የጸደይ ወቅት ነገሩ እንደ ወረርሽኝ በየግቢው ተዛመተ፣ ፖሊስ እስኪጠራ ድረስ። ያኔ ኮሪያ ውስጥ እኩዮቻቸው እየሞቱ ነበርና አንዳንድ ዜጎች «እነዚህ ናቸው ከውትድርና ነፃ የሆኑት?» ብለው በጋዜጣ ጠየቁ። ከዚያ ቀደም፣ በ1939፣ ሃርቫርድ ውስጥ አንድ ተማሪ በ10 ዶላር ውርርድ በሕይወት ያለች ትንሽ ዓሣ ዋጠና በአገሩ ሙሉ ዓሣ የመዋጥ ውድድር ተነሣ። ከረባት ያሰረ ልጅም ልጅ ነው። በዚህ አልፈርድባቸውም፤ ግን ጨዋነት ነው ብሎ ማስተማሪያ ማድረጉ አያስኬድም።

ወደ ሁለተኛው፣ ማለትም «መግቢያው ችሎታ ብቻ ነበር» ወደሚለው፣ ስመጣ ትዕግሥቴ ያልቃል። ጸሐፊው ኮታ የዛሬ ፈጠራ ነው ይላሉ። ሃርቫርድ በ1922 የአይሁድ ተማሪዎቹ ቁጥር ከአምስት አንድ በላይ መድረሱን ሲያይ ፕሬዚዳንቱ ሎውል ከ15 በመቶ እንዳያልፍ ገደብ ይደረግ የሚል ሐሳብ አቀረበ። መምህራኑ ገደቡን በግልጽ አንቀበልም አሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ያው ነገር በጓሮ በር ገባ። ማመልከቻው ላይ ፎቶ ተጠየቀ፣ «ጠባይ» እና የመጡበት አካባቢ የሚባሉ መመዘኛዎች ተጨመሩ፣ ቁጥሩም ወረደ። እንግዲህ ዛሬም አመልካቹን የሚያስጨንቀው «ስለ ራስህ ጻፍ» የሚለው ነገር ሥሩ ከዚያ ዘመን ይመዘዛል።

የባለጸጋ ልጅ ደግሞ እንዴት እንደሚገባ ለማየት የጆን ኬኔዲን ማመልከቻ መመልከት ይበቃል። በ1935 ለሃርቫርድ የጻፈው ምክንያት አምስት ዓረፍተ ነገር ገደማ ነው። አባቱ እዚያ መማራቸውንና እሱም «የሃርቫርድ ሰው» መባል እንደሚመኝ ይናገራል፤ ተቀበሉት። የመጀመሪያ ዓመት ውጤቱ ባብዛኛው ሲ ነበር። ይህን የምለው ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም፣ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ሲ እየያዙ ተዝናንቶ መመረቅ የወግ ልጆች ወግ እንደነበር ለማስታወስ ነው።

ሴቶችስ? ዬልና ፕሪንስተን ሴቶችን በመጀመሪያ ዲግሪ መቀበል የጀመሩት በ1969 ነው። ዳርትመዝ በ1972፣ ኮሎምቢያ ኮሌጅ በ1983። ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነችው ሩት ቤደር ጊንስበርግ በ1956 ሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ስትገባ 500 ገደማ ከሚሆኑት የክፍሏ ተማሪዎች ውስጥ ሴቶቹ ዘጠኝ ነበሩ። ዲኑ እራት ጋብዟቸው፣ ወንድ ሊይዘው የሚችለውን ቦታ ለምን እንደያዙ እያንዳንዷ እንድታስረዳ ጠየቃት። ችሎታ ብቻ? ላሞንት የተባለው የሃርቫርድ ቤተ መጻሕፍት እስከ 1967 ድረስ ሴት አያስገባም ነበር። መጽሐፉን ማንበብ ራሱ በፆታ የተወሰነ ነበር።

የጥቁሮቹ ታሪክ ከዚህ ሁሉ ይከፋል። በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ማክሎሪን የተባለ ጥቁር መምህር ለዶክትሬት አመለከተና በ1948 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ገባ። ገባ ስል ግን ወደ ክፍሉ አይደለም። ከክፍሉ ጎን ያለ መተላለፊያ ውስጥ ተቀምጦ በተከፈተው በር በኩል እንዲያዳምጥ ተደረገ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለእርሱ ብቻ የተለየ ጠረጴዛ ተሰጠው፤ ምሳውን ሌሎቹ በማይበሉበት ሰዓት ለብቻው ይበላል። በሰኔ 1950 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ ሕገ ወጥ ነው ብሎ እስኪወስን ድረስ ማስተርሱን የያዘ ሰው እንደዚያ ተማረ። በ1956 አውተሪን ሉሲ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ነጮቹ ሁከት አነሡ፤ የተባረረችው ግን እሷ ናት። ጄምስ ሜሬዲት በ1962 ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ለመመዝገብ በመቶዎች የሚቆጠሩ የፌዴራል ማርሻሎች፣ ከዚያም በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች አስፈለጉት። በዚያ ሌሊት ሁለት ሰው ሞተ። የዘጠኝ ዓመት የአየር ኃይል አገልግሎት የነበረው ሰው ነው። ሬጅስትራር ቢሮ ለመግባት ወታደር ያስፈለገበትን ዘመን «በችሎታ ብቻ» ብሎ መጥራት ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

ስለ ኩረጃና ስለ ውጤት በአጭሩ ልበል። በ1951 የዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ 90 የሚያህሉ እጩ መኮንኖችን በፈተና ማጭበርበር አሰናበተ፤ ብዙዎቹ የፉትቦል ተጫዋቾች ነበሩ። በዚያው ዓመት የሰባት ኮሌጆች ከ30 በላይ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ከቁማርተኛ ገንዘብ ተቀብለው የጨዋታ ውጤት ሲያስተካክሉ ተያዙ። ፍራተርኒቲ በሚባሉት የወንድ ተማሪዎች ማኅበራት ቤቶች የቀድሞ ተማሪዎች የሠሯቸው ጽሑፎች በመሳቢያ ተደርድረው ለተተኪው ይቆዩ እንደነበር የዘመኑ ሰው ሁሉ ያውቃል። ውጤት ከ60ዎቹ ወዲህ እየተጋነነ መምጣቱ ግን እውነት ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው አልተሳሳቱም። አንዱ ምክንያት ግን ስንፍና አይደለም። በ1966 መንግሥት የተማሪውን የክፍል ደረጃ ለውትድርና ምልመላ መመዘኛ ሲያደርገው ዝቅተኛ ውጤት ልጁን ወደ ቬትናም ሊሸኝ ቻለ። መምህር ሆነው ያንን ሲ ይጽፉ ነበር?

አራተኛው ነጥብ ፖለቲካ ነው። ግቢው ጸጥ ያለ ነበር ይላሉ። ጸጥ ያሰኘው ማን እንደሆነ ግን አይጠይቁም። በጥር 1949 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቋሚ የሥራ ዋስትና የነበራቸውን ሦስት ፕሮፌሰሮች በኮሙኒስትነት አባረረ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዚያው ዓመት መምህራኑ ኮሙኒስት አይደለሁም ብለው እንዲምሉ አዘዘና አንምልም ካሉት ውስጥ 31ዱን በ1950 አሰናበተ። ከሁለት ዓመት በኋላ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ወሰነላቸው። እንግዲህ ፖለቲካ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ከላይ ወደ ታች የሚመጣ ብቻ መሆኑ ነው።

«ረባሾች» የሚሏቸው ደግሞ የት እንደተነሡ ያየ ሰው ይደነቃል። የካቲት 1 ቀን 1960 በሰሜን ካሮላይና ግሪንስቦሮ ከተማ አራት የጥቁሮች ኮሌጅ ተማሪዎች ለነጭ ብቻ በሆነ የመደብር ምሳ መሸጫ ተቀምጠው ቡና አዘዙ። የዚያን ዘመን ፎቶዎች ይመልከቱ፤ ኮትና ካፖርት ለብሰዋል፣ ጸሐፊው የሚወዱት ዓይነት ልጆች ናቸው። በዚያው ወር በአላባማ ሞንትጎመሪ የጥቁሮች ኮሌጅ ተማሪዎች በፍርድ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ባለ ምሳ ቤት ተመሳሳይ ነገር አደረጉ። የግዛቲቱ የትምህርት ቦርድ ዘጠኙን ምንም ሳያነጋግር አባረራቸው። እነሱ ከሰሱ፤ በ1961 የይግባኝ ፍርድ ቤት አንድ የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪውን ክሱን ሳይነግርና መልሱን ሳይሰማ ሊያባርር አይችልም ብሎ ወሰነ። «በወላጅ ቦታ» የሚባለው ነገር መፍረስ የጀመረው ከዚህ ነው እንጂ ከጸጉረ ረጃጅሞቹ አይደለም። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሚማር የማንኛችንም ልጅ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በዲሲፕሊን ሲከሰስ የሚሰማ ጆሮ የሚያገኘው እነዚያ ልጆች ቡና ፈልገው ስለተቀመጡ ነው።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌ ግቢ ታሪክም የዚሁ ቀጣይ ነው። በ1964 መኸር ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በግቢው ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግተው ለዘር እኩልነት ገንዘብ እንዳያሰባስቡ ከለከለ። ጥቅምት 1 ቀን ፖሊስ አንዱን ይዞ መኪና ውስጥ ሲያስገባ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች መኪናውን ከበው ተቀመጡ፤ 32 ሰዓት ያህል ንቅንቅ አላለም። በታኅሣሥ መጀመሪያ ወደ 800 የሚጠጉ ታሰሩ። ከመሪዎቹ አንዱ ማሪዮ ሳቪዮ በዚያው ክረምት ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁሮችን ለምርጫ ሲያስመዘግብ የከረመ ልጅ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ግሩም ነበር አልልም። በ60ዎቹ ማብቂያ ቦምብ ያፈነዱም፣ ምርምር ያቃጠሉም ነበሩ፤ ጸሐፊው እነሱን ቢወቅሱ አብሬ እወቅሳለሁ። ግን ጠረጴዛ የዘረጋውንና ቦምብ ያጠመደውን በአንድ ከረጢት መክተት ፍርደ ገምድልነት ነው።

አምስተኛው የእኛው ሰዎች ናቸው፤ «አርፈው ተምረው ተመለሱ» የተባሉት። መላኩ በያን ኦሃዮ ውስጥ ከተማረ በኋላ ሕክምናውን የተማረው ዋሽንግተን በሚገኘው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ በሃዋርድ ነው፤ በ1935 ተመረቀ። ጣልያን ሲወርረን ሐኪም ሆኖ ዘመተ፤ ተመልሶም በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን መሠረተና ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ አሰባሰበ። አርፎ የተማረ ይህን አያደርግም። በ60ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የነበረው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበርም እንዲሁ ነው። በመስመሩ እንስማማ አንስማማ ሌላ ጉዳይ ነው (እኔ በብዙው አልስማማም)፤ ግን ዝም ብሎ ከረባቱን እያስተካከለ የተማረ ትውልድ አልነበረም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፤ ለጸሐፊው ሐሳብ የሚረዳም የሚጎዳም ነው። ዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ የተቋቋመው ከኦክላሆማው የእርሻና መካኒካል ኮሌጅ ጋር በ1952 በተፈረመ ውል ነው። ንጉሠ ነገሥቱም በሰኔ 1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ስቲልዋተር ድረስ ሄደው ያንን ኮሌጅ አይተዋል። ማክሎሪን በመተላለፊያ የተማረበት ዩኒቨርሲቲ በዚያው ግዛት ውስጥ ነው፤ ትምህርት ቤቶች በዘር እንዳይለዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከወሰነም ገና አንድ ወሩ ነበር። ያም ሆኖ ከስቲልዋተር የመጣልን ነገር ትልቅ ነው። እንደ ስቲልዋተሩ ያሉ ኮሌጆች በ1862 በወጣ ሕግ መሬት ተሰጥቷቸው የገበሬና የሠራተኛ ልጅ እንዲያስተምሩ የተቋቋሙ፣ ኋላ በወጡ ሕጎችም እንዲመራመሩና ያገኙትን ለገበሬው እንዲያደርሱ የተደረጉ ናቸው። ናፍቆት ካስፈለገ ይኸ ነው የሚናፈቀው፤ የሕዝብ ገንዘብ፣ ለሕዝብ ልጅ።

ይህም ወደ ስድስተኛው ያመጣኛል። «ክፍያውም ርካሽ ነበር።» አዎን! ነበር። በ1963–64 የትምህርት ዘመን በአራት ዓመት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አማካይ የዓመት ክፍያ 243 ዶላር ነበር። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ ያኔ 1.25 ዶላር ስለነበር አንድ ተማሪ 195 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም በክረምት አምስት ሳምንት፣ ቢሠራ የዓመቱን ክፍያ ይሸፍናል። ዛሬ የግዛቲቱ ነዋሪ ለሆነ ተማሪ አማካዩ ከ11,000 ዶላር በላይ ነው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ 7.25 ላይ እንደቆመ ነው። ስለዚህ ከ1,500 ሰዓት በላይ ይጠይቃል፤ ያ ማለት ሙሉ ጊዜ እየሠሩ ወደ ዘጠኝ ወር ነው። መኝታና ምግብ ገና አልገባም። ብዙ ግዛቶች ከዚያ የተሻለ ዝቅተኛ ደመወዝ እንዳላቸውና ብዙ ተማሪም በእርዳታ ምክንያት ሙሉውን እንደማይከፍል አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልዩነቱን አይዘጋውም። የተማሪው ዕዳ በጠቅላላው ከ1.6 ትሪሊዮን ዶላር አልፏል።

ርካሽነቱ ግን ከሰማይ አልወረደም። ከጦርነቱ የተመለሱ ወታደሮችን የሚያስተምረው ሕግ በ1944 ሲወጣ መንግሥት በዓመት እስከ 500 ዶላር ክፍያና የኪስ ገንዘብ ችሎ 2.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ኮሌጅ አስገባ። በ1947 ከተማሪው ግማሽ የሚጠጋው የቀድሞ ወታደር ነበር። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሃቺንስና የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ኮናንት ሕጉ ሲወጣ የትምህርት ጥራት ይወድቃል ብለው ሠግተው ነበር። የመጡት ሚስትና ልጅ ያላቸው፣ በጊዜያዊ ቆርቆሮ ቤትና በተጎታች ቤት የሚኖሩ፣ ለአዲስ ገቢ የሚታዘዘውን ቆብ አንደፋም ያሉ፣ ከሌላው የበለጠ የሚያጠኑ ሰዎች ሆኑ። «ጥራት ይወድቃል» የሚለው ሥጋት ከዛሬው የጸሐፊው ሥጋት ጋር ቃል በቃል ሊመሳሰል ምንም አልቀረው። በደቡብ ላሉ ጥቁር ወታደሮች ግን ሕጉ በወረቀት እንጂ በተግባር እምብዛም አልደረሳቸውም፤ ነጮቹ ኮሌጆች ዝግ ነበሩ፣ የጥቁሮቹም ጥቂትና ጠባብ።

ካሊፎርኒያም በ1960 ባወጣችው እቅድ ለነዋሪዎቿ የማስተማሪያ ክፍያ የሌለበት ዩኒቨርሲቲ ገነባች። የኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ከ1847 ጀምሮ በነፃ ነበር፤ የስደተኛና የድሃ ልጅ ሁሉ ያለፈበት ቤት ነው። ይህን ነገር ነው ጸሐፊው ከከረባቱ በፊት ማስቀደም የነበረባቸው።

እንዴት እንደተወሰደ ሲታይ ደግሞ የእሳቸው ታሪክ ተገልብጦ ይገኛል። በ1969 የጸደይ ወቅት ጥቁርና ፖርቶ ሪካዊ ተማሪዎች የሲቲ ኮሌጅን ግቢ ዘጉ። ሃርለም በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር መሐል ያለ ኮሌጅ ለምን የሃርለምን ልጅ አያስገባም ነበር ጥያቄያቸው። በ1970 የከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ደረጃ ለጨረሰ ሁሉ በሩን ከፈተ። በ1976 ደግሞ ክፍያ ጀመረ፤ ለ129 ዓመት ያልነበረ ክፍያ። ከተማዋ በ1975 ለኪሳራ አፋፍ ደርሳ ነበርና የገንዘብ ምክንያቱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የዓለም የገንዘብ ቀውስ በነበረበት በ1930ዎቹ እንኳ ነፃ ሆኖ የዘለቀ ትምህርት፣ በሩ ለሁሉም በተከፈተ በስድስተኛው ዓመት ዋጋ ወጣለት። ካሊፎርኒያም ሬጋን አገረ ገዥ በነበሩበት በ1970 «የትምህርት ክፍያ» የሚባለውን ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ግዛቶቹ ኢኮኖሚ በተዳከመ ቁጥር በጀት ይቆርጣሉ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ክፍያ ይጨምራሉ፣ ኢኮኖሚው ሲያገግም ግን ክፍያው አይወርድም። ለድሃ ተማሪ የሚሰጠው የፔል እርዳታ በ1970ዎቹ አጋማሽ የአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲን ሙሉ ወጪ ከሦስት አራተኛ በላይ ይሸፍን ነበር፤ ዛሬ ሲሶ ቢሸፍን ነው።

ስለዚህ ዋጋውን ያስወደዱት መኪና ከበው የተቀመጡት ልጆች አይደሉም። በጀት ላይ የፈረሙ፣ አብዛኞቹም በዚያ ርካሽ ዘመን የተማሩና ከረባት ያሰሩ ሰዎች ናቸው። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ስለ 1976ቱ ውሳኔ ቢጽፉልን ከመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች አንዱ እሆናለሁ፤ ምላሽ የምጽፍም አይመስለኝም።